ለጀማሪ የማይሸጥ ውሻ

ለእብናት ወረዳ የእንስሳት ሀብት ልማት ጽሕፈት ቤት፣
ለእብናት ከተማ አስተዳደር፣
በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳርና በጎንደር ለምትገኙ የውሻ አርቢዎችና ሻጮች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ለጥበቃና ለፖሊስ ሥራ የተዳቀሉ ውሾች ውሻ አሳድጎ ለማያውቅ ሰው የሚሸጡበትን አሠራር ስለ ማስተካከል

ክቡራንና ክቡራት ሆይ፣

 የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ የሚጽፍላችሁ ስለ ውሻ ነው። ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃና ስለ መብራት አቤት በሚባልበት ወረዳ ውሻ የደብዳቤ ጉዳይ መሆኑ ያስገርም ይሆናል። ይሁን እንጂ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የተነከሰበት አባት፣ ጠዋት በረቱን ሲከፍት በጎቹን ተነክሰው ያገኘ ገበሬ፣ የገዛ ግቢዋን ለውሻዋ ለቅቃ በጓሮ በኩል የምትገባ እናት፣ ጉዳዩ ትንሽ እንዳልሆነ ያውቃሉ።

ቅሬታው አንድ ነው። ማሊኖይስ የተባለው የቤልጂየም እረኛ ውሻ፣ የሥራ ዘር የሆነው ጀርመን ሼፐርድና የእነዚህ ክልሶች ገንዘብ ላለው ሁሉ ይሸጣሉ። ሻጩ የቡችላውን ዕድሜ ይናገራል፣ የወላጆቹን ፎቶ ይልካል፣ ዋጋውን ይቆርጣል። ውሻው የት እንደሚያድር፣ ማን እንደሚያንሸራሽረው፣ ቤቱ ውስጥ ስንት ሕፃን እንዳለ፣ ገዢው ከዚህ በፊት ውሻ አሳድጎ ያውቅ እንደሆነ ግን አይጠይቅም። በቴሌግራም የሚወጡት ማስታወቂያዎች አጥብቀው የሚያሞግሱት ኃይለኛነቱን ነው። ቡችላው ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው በካርቶን ተደርጎ ሚኒባስ ላይ ይጫንና በአዲስ ዘመን ከተማ አድርጎ እብናት ይገባል። ከዚያ ወዲያ ሻጩ ስልክ ላያነሳ ይችላል።

ገዢውን ብቻ መውቀስ አይገባም። ጊዜው ሰው በጊዜ በሩን የሚዘጋበት ነው። ባለሱቁ ለሱቁ፣ ባለወፍጮው ለወፍጮው፣ ከብት አድላቢው ለከብቱ ይሰጋል። ማሊኖይስን ያስተዋወቀው ደግሞ ወሬውና ፊልሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ኦሳማ ቢን ላደን ሲገደል ከአሜሪካ ኮማንዶዎች ጋር የገባው ካይሮ የተባለው ውሻ ማሊኖይስ ነበር። በ2019 አቡ በክር አል ባግዳዲ በተገደለበት ዘመቻ የተሳተፈው ኮናንም እንዲሁ። በዚያው ዓመት የወጣው የጆን ዊክ ፊልም ሦስተኛ ክፍል ሁለት ማሊኖይሶችን ጠመንጃ ከታጠቁ ሰዎች ጋር አዋግቶ አሳየ። ያንን ያየ ወጣት እንዲህ ያለ ውሻ ቢመኝ አይፈረድበትም። ከካሜራው ጀርባ የነበሩትን አሠልጣኞችና ሥራው የፈጀውን ጊዜ ግን ፊልሙ አያሳየውም።

ውሻው ከየት እንደመጣ ማወቅ ለውሳኔ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1891 የእንስሳት ሕክምና መምህሩ አዶልፍ ሬል በብራሰልስ አጠገብ 117 የእረኛ ውሾችን ሰብስበው መረመሩ። የቤልጂየም እረኛ ውሻ ዝርያ የተለየው ከዚያ በኋላ ነው፤ አጭር ጠጉር ያለው ቀላ ያለው ማሊኖይስም የዚያ አንድ ዓይነት ነው። በ1899 የጌንት ከተማ ፖሊስ ውሾችን ለሌሊት ጥበቃ ማሠማራት ጀመረ። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር ጀርመናዊው የፈረሰኛ መኮንን ማክስ ፎን ስቴፋኒትዝ ሆራንድ የተባለውን ውሻ ገዝተው የጀርመን ሼፐርድን መዝገብ ከፈቱ። እኚህ ሰው ከመልክ ይልቅ ሥራ እንደሚበልጥባቸው ሳይሸሽጉ የተናገሩ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ምርጫው በአንድ አቅጣጫ ሄደ። የማይደክመው፣ የሚሮጥ ነገር ሲያይ የሚነሣው፣ አንዴ የነከሰውን የማይለቀው፣ ሕመም የማይመልሰው ውሻ ለዘር ይቀራል፤ ሰነፉና ዝምተኛው አይቀርም። በጊዜ ብዛት ሁለት መስመር ተፈጠረ። አንዱ ለውበት ውድድርና ለቤት የተመረጠው ነው፤ ረጋ ያለ ነው። ሌላው ለፖሊስ፣ ለጦር ሠራዊትና ለከባድ የንክሻ ውድድር የተመረጠው የሥራ ዘር ነው። መልካቸው ስለሚመሳሰል ፎቶ አይቶ የሚገዛ ሰው ሊለያቸው አይችልም። ወንዱ ማሊኖይስ ክብደቱ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ቢሆን ነው፤ በግዝፈቱ አያስፈራም። አስቸጋሪው በውስጡ ያለው ሥራ የመፈለግ ግፊት ነው። ያ ግፊት ሥራ ቢሰጡትም ባይሰጡትም አለ። ሥራ ያልተሰጠው ውሻ ሥራውን ራሱ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም በብስክሌት የሚያልፈው ልጅ፣ ከበረት የወጣ ጠቦት፣ ጎረቤት ያሰጣው ልብስ፣ የአህያ እግር ይሆናል።

እነዚህን ውሾች የሚያውቁ ተቋማት እንዴት እንደሚይዟቸው እዚሁ አገራችን ውስጥ ምሳሌ አለ። ከኢትዮ ኤርትራ ጦርነት በኋላ የተቋቋመው የኢትዮጵያ የፈንጂ ማጽዳት መሥሪያ ቤት በኖርዌይ ሕዝብ እርዳታ ድርጅት ድጋፍ ፈንጂ አነፍናፊ ውሾችን አሠማርቶ ነበር። በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያም የዝሆን ጥርስና ሌላ የዱር እንስሳት ውጤት የሚያነፈንፉ ውሾች በአፍሪካ የዱር እንስሳት ፋውንዴሽን ድጋፍ ገብተዋል። በእንዲህ ያለ ሥራ ውሻው ብቻውን አይመጣም። ያዡ ይመረጣል፣ ይሠለጥናል፣ ከውሻው ጋር ይፈተናል፤ የውሻው ምግብ ይመዘናል፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓቱ ይታወቃል፣ ሐኪም ይከታተለዋል። ደመወዝ የሚከፈለው ባለሙያ ሙሉ ቀኑን የሚሰጠውን ውሻ፣ እብናት ላይ ቀኑን ሱቅ ውስጥ የሚውል ሰው ከሥራ በኋላ በሚተርፈው ደቂቃ ይይዘዋል ብሎ መሸጥ ለማንም አይበጅም።

አሁን ወደ ግቢያችን እንምጣ። በእብናትና በአካባቢዋ ውሻ የሚያዝበት ልማድ የታወቀ ነው፤ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል። የሐበሻ ውሻ በዚህ ልማድ ውስጥ ለዘመናት ኖሯል። ጅብ ሲቀርብ ይጮኻል፣ እንግዳ ሲመጣ ያስጠነቅቃል፣ ከግቢው ብዙ አይርቅም፣ ቀኑን በጥላ ተኝቶ ይውላል። በገጠሩ ደግሞ ዝንጀሮን ከማሳ ያባርራል። ማንም ይህ ነው የሚባል ሥልጠና አልሰጠውም፤ የኖረበት ቦታና ኑሮ ራሱ መርጦታል። ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚባለው ስለ እሱ ነው፤ ሥራውም በአብዛኛው መጮኽ ነው።

ይኸው ልማድ ማሊኖይስን ያበላሸዋል። የውሻ ጠባይ የሚያጠኑ ሰዎች እንደሚስማሙበት፣ ቡችላ ሰውን፣ ልጅን፣ ሌላ እንስሳንና አዲስ ድምፅን ያለ ፍርሃት የሚለምደው ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ወይም አሥራ አራተኛው ሳምንት ባለው ዕድሜው ነው። ቡችላው እብናት የሚደርሰው ልክ በዚህ ጊዜ መካከል ነው። ደርሶም በሰንሰለት ይታሰራል፤ እንዳይለምድ ተብሎ ከሰው ይርቃል። ምግብ የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ እንዲሆን ይደረጋል። ጎረቤት ሲመጣ ሲጮኽ ይመሰገናል፤ የሰፈር ልጆች በአጥር ቀዳዳ በእንጨት ሲነካኩት ይስቃሉ። ባለቤቱ ጠባቂ እያሳደገ ይመስለዋል። የሚያሳድገው ግን ሰው ሁሉ የሚያስፈራው ውሻ ነው፤ ፈርቶ የሚነክስ ውሻ ደግሞ ሌባንና የጎረቤትን ልጅ አይለይም።

ስምንት ወር፣ አሥር ወር ሲሞላው ጉልበቱ ይመጣል። ሰንሰለቱ ላይ ሲሽከረከር ይውላል፤ ጭራውን ያሳድዳል፤ በሩን፣ ቆርቆሮውን፣ የራሱን እግር ይነክሳል። ይህ በሥራ ዘር ውሾች ላይ የታወቀ የጭንቀት ምልክት ነው። ብዙ ሰው ግን ኃይለኛነቱ የጨመረ ይመስለዋል። ከዚያ አንድ ቀን ሰንሰለቱ ይበጠሳል፣ ወይም ሠራተኛዋ በሩን ሳትዘጋ ትወጣለች።

ምግቡ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የሐበሻ ውሻ በእንጀራ ፍርፋሪና በአጥንት ይኖራል፤ የጎደለውን ወጥቶ ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ የሚንቀሳቀስ የሥራ ዘር ውሻ ግን ሥጋ፣ እንቁላል ወይም የተዘጋጀ የውሻ ምግብ ያስፈልገዋል። አብዛኛው ሰው በሚጾምበት አገር በዐቢይ ጾም 55 ቀን የሥጋ ትራፊ ከብዙ ቤት አይወጣም፤ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ የነቢያት አለ፣ የፍልሰታ አለ። ለውሻው ብሎ በጾም ከሉካንዳ ሥጋ የሚገዛ ቤተሰብ ስንት ነው? ብዙ አባወራ በሴፍቲኔት በሚታገዝበት ወረዳ ይህን ጥያቄ ከመሸጥ በፊት ማንሳት ነውር የለውም። የተራበ ሠራተኛ ውሻ ደግሞ በግ ያያል። የፋርጣ በግ የዚህ ደጋ ሕዝብ ጥሪት ነው፤ ልጅ የሚማርበት፣ ማዳበሪያ የሚገዛበት ነው። አንድ ሌሊት የተፈታ ማሊኖይስ በረት ውስጥ ገብቶ የሚያደርሰውን ጥፋት ሻጩ በማስታወቂያው ላይ አይጽፈውም።

ንክሻው ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ከቁስል ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው የእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን ይገድላል። ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። በበሽታው በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች ውስጥ 40 በመቶዎቹ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ስለሚወስድ ቤተሰብ ነገሩ ያለፈ ይመስለዋል። ስለዚህ ያልተከተበ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥቦ በፍጥነት ክትባት ወዳለበት ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ክትባቱ በቅርብ ከሌለ መንገዱ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ጎንደር ነው፤ መርፌውም በአንድ ጊዜ አያልቅም። በየቀጠሮው ትራንስፖርት አለ፣ የሚቀር የሥራ ቀን አለ። ጸበሉም፣ የባህል መድኃኒቱም ከመንገድ ያስቀራል፤ ጸበሉን የሚወድ ሰው ይጠመቅ፣ ግን ክትባቱን አስቀድሞ ይውሰድ። በአዲስ አበባ ሕዝቡ ፓስተር የሚለው ተቋም ለብዙ አሥርት ዓመታት ከበግ አንጎል በሚሠራ ክትባት ሰው ያድን ነበር፤ በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋውን ያንን መርፌ የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም አሉ። ዛሬ የተሻለ ክትባት አለ። የተሻለ ክትባት የሚጠቅመው ግን ሲደረስበት ነው።

ሌላም ጉዳት አለ። ያስቸገረውን ውሻ የሚቀበል ድርጅት በእብናት የለም። ሻጩ አይመልሰውም፤ ጎረቤት አይወስደውም፤ ባለቤቱ ለመግደል ልቡ እምቢ ይለዋል። ስለዚህ ወደ ገጠር ወስዶ የሚለቅቅ አለ። ይህ ለገጠሩ ሰው መርዝ ነው፤ ለዱር እንስሳም እንዲሁ። ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ ባለው በጉና ተራራ ላይ የነበሩት ጥቂት ቀይ ቀበሮዎች ጠፍተዋል። በመላው አገሪቱ የቀሩት 500 ገደማ ናቸው። በባሌ ተራሮች የእብድ ውሻ በሽታ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 እ.ኤ.አ. ተነሥቶ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን የጨረሰው ከሰው ውሻ ተነሥቶ ነው። የተለቀቀ ያልተከተበ ውሻ ሁሉ ከሰሜን ተራሮች ጀምሮ እስከ ወሎ ደጋዎች ለቀሩት ቀበሮዎች ስጋት ነው።

ሕጉስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። እንስሳው በድንገት ከእጁ ቢያመልጥም፣ ጉዳቱ ይደርሳል ተብሎ ያልታሰበ ቢሆንም ኃላፊነቱ ይኖራል። ይህ መርሕ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ላይ ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት በሬውን ስላልጠበቀ ሰው የተጻፈውን በየቤተ ክርስቲያኑ ሰምተናል። ታዲያ እብናት ውስጥ ማሊኖይስ የሚገዛ ሰው ይህን አንቀጽ ስንቱ ያውቃል? የሚነግረው ማነው? ሻጩ ቡችላውን ሲያስረክብ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ይህን ቢጽፍለት ምን ይጎዳል?

ልምድና ገንዘብ ያለው ቤት እንኳ እንደማይበቃ ዓለም በቅርቡ አይቷል። የያኔው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን በዲሴምበር 2021 ኮማንደር የተባለ ጀርመን ሼፐርድ ቡችላ ከወንድማቸው በስጦታ አገኙ። ቤተሰቡ ከዚያ በፊትም ጀርመን ሼፐርዶች አሳድጓል። አሠልጣኝ ነበር፣ ሰፊ ግቢ ነበር፣ ጠባቂ ነበር። በፌብሩዋሪ 2024 ይፋ በሆኑ ሰነዶች መሠረት ከኦክቶበር 2022 እስከ ጁላይ 2023 ባለው ጊዜ ብቻ ውሻው የፕሬዚዳንቱን የጥበቃ አባላት ቢያንስ 24 ጊዜ ነክሷል። በኦክቶበር 2023 ከኋይት ሐውስ ወጣ። የተነከሱት በሥራቸው አደጋ የለመዱ፣ ሐኪም አጠገባቸው ያለ ጎልማሶች ነበሩ። እኛ ጋ ከአጥሩ ውጭ የሚያልፉት ደብተር የያዙ ልጆች ናቸው።

ችግሩን በሥርዓት የያዙም አሉ። በጀርመን የታችኛው ሳክሶኒ ግዛት ከጁላይ 2013 ጀምሮ ውሻ ኖሮት የማያውቅ ሰው ውሻ ከመውሰዱ በፊት የጽሑፍ ፈተና፣ ከወሰደ በኋላ ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ የተግባር ፈተና እንዲያልፍ ግዴታ ሆኗል። ናሚቢያ ለእኛ ይበልጥ የምትቀርብ ምሳሌ ናት። የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ አናቶሊያን ሼፐርድና ካንጋል የተባሉ የቱርክ መንጋ ጠባቂ ውሾችን እያራባ ለአርቢዎች ይሰጣል። አርቢው አቦሸማኔ መግደሉን ይተዋል፤ ውሻው ፍየሉን ይጠብቃል። ድርጅቱ ግን ለጠየቀው ሁሉ አይሰጥም። ገበሬውን መርምሮ፣ አስተምሮ ይሰጣል፤ በኋላም ሄዶ ውሻውን ያያል፣ ይከትባል፣ ካልተያዘ መልሶ ይወስደዋል። ካንጋል ከበግና ከፍየል ጋር ከቡችላነቱ ጀምሮ ያድጋል፤ የማሳደድ ፍላጎቱ ዝቅተኛ ስለሆነ መንጋው መካከል ይተኛል። ማሊኖይስ ከዚህ ተቃራኒ ነው። ሁለቱም የፈረንጅ ውሻ ተብለው አንድ ላይ መሸጣቸው ራሱ ሻጮቹ ስለሚሸጡት ነገር ምን ያህል እንደሚያውቁ ያሳያል።

ጸሐፊው የሚነሣውን መከራከሪያ አልዘነጋውም። ‹‹ሌባው መሣሪያ ይዞ ይመጣል፤ የሚጮኽ ውሻ ምን ያደርጋል?›› የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ስጋቱም እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያ የያዘ ሰው ማሊኖይስንም ይገድላል። ውሻ ለቤተሰብ የሚሰጠው ጥቅም ጊዜ ነው፤ ቀድሞ ሰምቶ፣ ጮኾ፣ ሰውን ቀስቅሶ፣ ጎረቤት እንዲወጣ ማድረግ ነው። ይህን በደንብ የተመገበ፣ የተከተበ፣ ከቤተሰቡ ጋር ያደገ የሐበሻ ውሻ ይሠራዋል። በሌላ በኩል ማሊኖይስን በትክክል የሚያሳድግ ሰው በእብናትም አይጠፋም፤ ጊዜ ያለው፣ ሊማር የወደደ፣ ውሻውን በየቀኑ የሚያሠራ። ደብዳቤው የእነዚህን ሰዎች በር አይዘጋም። የሚጠይቀው፣ ሻጩ እነዚህን ሰዎች ከሌላው እንዲለይ ነው።

በሬ ሲሸጥ ገዢው ጥርሱን ያያል፣ አዙሮ ያያል፣ ቢቻለው ጠምዶ ይሞክራል፤ በሬው ተዋጊ ሆኖ ሻጩ ሳይናገር ቢሸጠው በሽማግሌ ይጠየቅበታል። ለውሻ ሽያጭም ይህን ያህል ጨዋነት መጠየቅ ብዙ አይደለም።

ስለዚህ፣ ክቡራን አርቢዎችና ሻጮች፣ ጥያቄው አስቀድሞ ወደ እናንተ ነው። ከመሸጣችሁ በፊት ገዢውን ጠይቁት፤ ግቢውን፣ ልጆቹን፣ ጊዜውን፣ ከዚህ በፊት ያሳደገውን ውሻ። መልሱ የማያጠግብ ከሆነ የሥራ ዘር አትሽጡለት፤ ረጋ ያለ ዘር አቅርቡለት ወይም የሐበሻ ውሻ ያሳድግ በሉት። ቡችላው ከወላጆቹ ምን እንደወረሰ እውነቱን ንገሩት። ወንዱም ሴቷም ወላጅ የንክሻ ሥልጠና ከወሰዱ ይህ ማስጠንቀቂያ እንጂ ማስታወቂያ አይደለም። የክትባት ካርድ ያልያዘ ቡችላ ሚኒባስ ላይ አትጫኑ። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ገዢው ካቃተው ውሻውን መልሳችሁ እንደምትቀበሉ በጽሑፍ ቃል ግቡ። ከጸሐፊው ጥያቄዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ መልሶ መቀበል እንዳለበት የሚያውቅ ሻጭ ለማን እንደሚሸጥ ራሱ ይጠነቀቃል።

ለወረዳው የእንስሳት ሀብት ልማት ጽሕፈት ቤት የሚቀርበው ጥያቄ በእጃችሁ ያለን ሥራ ይመለከታል። ባለሙያዎቻችሁ የከብት ክትባት ይዘው ቀበሌ ለቀበሌ ሲዞሩ የውሻ ክትባትም አብሮ ይሂድ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የእብድ ውሻ በሽታ ሰንሰለት የሚበጠሰው ከውሾቹ 70 በመቶው ሲከተቡ ነው፤ በ2030 እ.ኤ.አ. ከውሻ የሚመጣ የሰው ሞት ዜሮ እንዲሆን የተያዘው ዓለም አቀፍ ግብም በዚህ ላይ የቆመ ነው። በየቀበሌው ያሉት ከውጭ ዘር የመጡ ውሾች በመዝገብ ይያዙ፤ የባለቤቱ ስም፣ የክትባቱ ቀን፣ ቀደም ሲል ሰው ነክሶ ከሆነ እሱም ይጻፍ። ብዙ ስላልሆኑ ሥራው አያደክምም። ውሻው የነከሰ ዕለት የጤና ጣቢያው ባለሙያ መዝገቡን አይቶ የሚወስነው ውሳኔ ግን ሕይወት ያድናል። በቅርባችን ያለው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፤ አንድ ገጽ የአማርኛ መመሪያ እንዲያዘጋጅላችሁ በደብዳቤ ብትጠይቁት በየገበያው ሊታደል፣ በሬዲዮም ሊነበብ ይችላል።

የከተማው አስተዳደር ደግሞ እንዲህ ያሉ ውሾች ከግቢ ሲወጡ በማሰሪያና በአፍ መሸፈኛ እንዲሆን፣ አጥራቸውም ውሻው የማይዘለው እንዲሆን በሰፈር ስብሰባ ቢያስወስን ቅጣት ሳያስፈልገው ብዙ ጉዳት ይከላከላል። በትምህርት ቤቶች መንገድ ላይ ያሉት ግቢዎች ቅድሚያ ይሰጣቸው። ልጆችም በክፍል ውስጥ ይነገራቸው፤ ከውሻ ፊት አለመሮጥ፣ በአጥር ቀዳዳ አለመነካካት፣ ከተነከሱ ደግሞ ለወላጅ ፈጥኖ መናገር። ልጅ የሚደብቀው ‹‹ለምን ነካካኸው›› ተብሎ እንዳይገረፍ ፈርቶ ነው፤ በዚህ በሽታ ግን መደበቅ ሕይወት ያስከፍላል።

አሁን በሰንሰለት ላይ ያሉትን ውሾች በተመለከተም አንድ ልመና አለ። በመርዝ አይገደሉ፤ ገጠር ወስዶ መልቀቅም ይቁም። ባለቤቶቻቸው ተሰብስበው አንድ የእንስሳት ሐኪም ቢያነጋግራቸው፣ ውሾቹ ቢከተቡና የሚቻለው ቢኮላሽ፣ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ለግማሽ ሰዓት እንኳ በማሰሪያ ወጥተው ቢራመዱና ትእዛዝ ቢማሩ ብዙዎቹ ይረጋጋሉ። ውሻው ይህን ሁሉ በራሱ ፈቃድ አልመረጠም፤ ለሥራ ተፈጥሮ ሥራ በሌለበት ግቢ ታስሯል። ለእሱም ማዘን ተገቢ ነው።

ጸሐፊው የጽሕፈት ቤቱንና የከተማ አስተዳደሩን መልስ በአክብሮት ይጠብቃል። ሻጮችና አርቢዎችም ገዢ የሚጠየቅበትን ቅጽና መልሶ የመቀበያ ውሉን አዘጋጅተው እንዲያሳውቁ ተስፋ ያደርጋል። ምዝገባው ከተጀመረ ከነዋሪዎች ጋር ሆኖ ቤት ለቤት ለመዞር ዝግጁ ነው።

ከከበረ ሰላምታ ጋር፣
አንድ የእብናት ነዋሪ